ከአለት እስከ አለት የተዘረጋው መስመር

ቅጹ ሁለት ገጽ ነበር። በፊተኛው ገጽ «በአካባቢው የሚደርሱ የተፈጥሮ አደጋዎች» ይላል። በጀርባው «ነዋሪው የሰው እጅ ሳያይ ራሱን የሚችልባቸው ነገሮች» ይላል። ከታች አንዲት መስመር አለች፤ ቤተሰቡ ክረምት ከመግባቱ በፊት ከቦታው ይነሳ ወይስ አይነሳ የሚል፣ ከጎኑም የቤቱ ኃላፊ የሚፈርምበት ቦታ።

የሰጠችኝ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጎጣችን አሥራ አንድ ቤት ነው። አሥራ አንዱንም እየዞርኩ እንድሞላላት ለመነችኝ። «ጽሑፍህ ይነበባል፤ ደግሞ ላንተ ሰው በሩን ይከፍታል» አለች። ለምን እንደሚከፍትልኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ገና ስምንት ወሩ ነበር።

ጋሼ ነበር የምለው። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ካረፈ ወዲህ ያረሰው፣ እኔንም ሞላሌ ከተማ ቤት ተከራይቶ ያስተማረኝ እሱ ነው። ባለፈው ነሐሴ ማብቂያ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ጠዋት፣ ከቤታችን በላይ ያለውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሊጠርግ ወጣ። የቦዩ ዳር ተንዶ ከነአካፋው ወሰደው። እኔ የክረምት ሥራ አግኝቼ ሞላሌ ነበርኩ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር።

ስለዚህ ስለ መሬቱ ልጻፍ።

ቤታችን ያለው ከትልቁ ገደል ሥር ነው። ከላይ ሜዳው አለ፤ ነፋስና ውርጭ የሚመላለስበት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ያለችበት። ከሜዳው ጫፍ ገደሉ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከገደሉ ሥር እንደ ትልቅ መደብ የተዘረጋ ለም መሬት አለ፤ ከመደቡ በታች ደግሞ ሌላ ገደል፣ ከዚያ ወንዙ። አሥራ አንዱ ቤት በመደቡ ላይ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት ስለሆነ እንግዳ ነገር አይመስለኝም ነበር። ቦታን ለማየት ቅጽ መያዝ እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር።

ባለሙያዋ የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ ከዓለም ከተማ ነው የመጣችው። ብርዳችንን አትለምደውም። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ በላዩ ጋቢ ጣል አድርጋ ነው የምትዞረው። «እናንተ ጋ ፀሐይ የምትመጣው ለሰላምታ ነው፤ አትቀመጥም» ትላለች። እናቴም አንድ ቀን፣ እናንተ ጋ ደግሞ መጥታ አልሄድም የምትል እንግዳ ናት ይባላል ብላ መለሰችላት። ጋሼ ከሞተ ወዲህ እናቴ ስትቀልድ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዙረቴን የጀመርኩት በሚያዝያ ነበር። በየቤቱ ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ እናቴ ነው። ከዚያ ቅጹን ሳወጣ ይስቃሉ። አንዲት ባልቴት የፊተኛውን ገጽ ሳነብላቸው፣ እኔ የማውቀው አደጋ ባሌን ነበር፣ እሱም ሞቷል፣ ጻፍ አሉኝ። ግን ወሬው ሲቀጥል ሁሉም ያወራል። በረዶ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣና ከመምጣቱ በፊት ሰማዩ ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዝ። መብረቅ የትኛውን ዛፍ እንደሚወድ። በግ ነጎድጓድ ሲሰማ ለምን ከገደሉ ጫፍ እንደሚሸሽ። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚበላ፣ ከምን ቀጥሎ ምን እንደሚሸጥ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። እነዚህን ሁሉ እንደሚያውቁ ግን አላውቅም ነበር። እጄ መጻፍ እስኪያቅተኝ አወሩ።

የጀርባው ገጽ ሁልጊዜ ቦታ ያንሰው ነበር። ገብስ በዓመት ሁለቴ፣ በበልግና በመኸር። ባቄላ። በግ፣ ከበጉ ሱፍ፣ ከሱፉ የሚለበስ ባና። ለጣሪያ ከሜዳው ማዶ የሚመጣ የጓሳ ሣር። ለማገዶ ኩበት። ለግድግዳ ድንጋይ። ውሃ ደግሞ ከገደሉ ሥር፣ በጋ ከክረምት የማትጎድል ምንጭ አለችን። ምን ትገዛላችሁ ስል የሚነግሩኝ በአንድ እጅ ጣት ያልቃል፤ ጨው፣ ዘይት፣ ቡና፣ ደብተር፣ አሁን አሁን ደግሞ የሶላር መብራት። አንድ ጎረቤታችን ጥቂት አሰበና፣ ምስማርም አለ አለኝ፤ ይቅርታ የጠየቀ ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከገባሁበት ቤት ሁሉ ሰማሁ። በኅዳር ከላይ ሜዳው ላይ ውርጭ ገብሱን ሲያቃጥለው የእኛን አይነካውም። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እየዘረጉ አስረዱኝ። ብርዱ እንደ ውሃ ይፈሳል አሉ፤ ከሜዳው ይወርድና የእኛን መደብ አልፎ ወንዙ ውስጥ ይተኛል፤ እኛ ጋ መንገዱ ነው እንጂ ማደሪያው አይደለም። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ቆምኩ። እውነት ነው። ከቤታችን በታች፣ ወንዙ ዳር ያለው ሣር ነጥቷል፤ ከላይ የሜዳው ጫፍ ነጥቷል፤ እኛ ያለንበት አረንጓዴ ነው። በሚያዝያ እንኳ። ሃያ ዓመት ኖሬበት አላየሁትም።

ከዚያ ባለሙያዋ ወንዙን ተሻግሮ ያለውን ጎጥ አብረን እንድንሞላ ጠየቀችኝ። ወርደን ወጣን። ማዶ ስንደርስ ደከመን፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ በላን። ፊታችንን ወደመጣንበት አዙረን ነበር። የራሴን ጎጥ ከዚያ ሆኜ አይቼው አላውቅም ማለት አይደለም፤ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ባለሙያዋ ማኘኳን አቁማ፣ «ያ ገደል ላይ ያለው ባዶ ቦታ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ከቤቶቻችን በላይ፣ ገደሉ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎድጓል። ቀና ብዬ እሱን አየሁ፤ ከዚያ ዝቅ ብዬ መደቡን አየሁ። መደቡም ወደ ውጭ ግማሽ ጨረቃ ነው። አንድ ሰው ከድፎ ዳቦ ቆርሶ ቁራሹን ከሥሩ ያስቀመጠው ይመስላል። ቢገጣጠም ይገጥማል። አሥራ አንዱ ቤት፣ ጭሳችን፣ የገብሱ ማሳ፣ የባሕር ዛፉ፣ ሁላችንም ከተራራው በወደቀው ቁራሽ ላይ ነን። የወደቀ ስለሆነ ነው አፈሩ ጥልቅ የሆነው። የተሰነጠቀ ስለሆነ ነው ውሃው በሥሩ የሚወጣው።

መቼ እንደወደቀ የሚያውቅ የለም። ካህናቱም አያውቁም። ሰው ሳይኖር ይሆናል። ያደረብኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ወይም ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃው ሲገለጥ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ነበር። በኋላ ባለሙያዋ፣ የቅጹ ሁለት ገጽ አንድ ነው ማለት ነው አለችኝ፤ የሚያኖራችሁ እና የሚያስፈራችሁ አንድ ነገር ነው። እኔ ጋሼን ነበር የማስበው። ጋሼ ይህን ያውቅ ነበር።

ማወቁን የማውቀው በድንጋዮቹ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጋሼ በዓለም ከተማ በኩል በሚሠራ መንገድ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነበር። እዚያ ቀያሾቹ ከተቆረጠው ዳገት በላይ ችካል በቀጥታ መስመር ይተክላሉ፤ መስመሩ ከጎበጠ ዳገቱ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ ሠራተኛው ይነሳል። ጋሼ ሲመለስ ከጅረቱ ነጫጭ ድንጋይ ለቅሞ ከማሳችን የላይኛው ጫፍ ደረደረ። በመደቡ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ አለቶች አሉ፤ ከተራራው ጋር አብረው የበቀሉ፣ የማይነቃነቁ። ከአንዱ አለት ወደ ሌላው ሲባጎ ዘርግቶ በሥሩ አስቀመጣቸው። አንድ ቀን ከሞላሌ ስመጣ ወሰደኝና በሆዴ አስተኛኝ። ጉንጬን አለቱ ላይ አስጠግቼ በአንድ ዓይኔ እንድመለከት ነገረኝ። ድንጋዮቹ አንዱ በአንዱ ተሸፍኖ አንድ ድንጋይ ብቻ ታየኝ። «እንዲህ እስከታየህ ድረስ መሬቱ ቆሟል» አለኝ። «ሁለተኛ ድንጋይ አጮልቆ ካየህ ግን እማዬን ይዘህ ውጣ። እኔን አትጠብቅ።»

ለምን ለጎረቤቶቹ እንደማይነግር ጠየቅሁት። ወደ ላይኛው ማሳ በአገጩ አመለከተኝ። ገባኝ። ድንጋዮቹ ያሉት በእኛና በላይ በኩል ባሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ማሳ መካከል ነው። በድሮ ጊዜ አባቴና እሳቸው በዚያ ወሰን ተካሰው፣ ዓመት ያህል ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ከታረቁ በኋላ ወሰን የሚለውን ቃል በእኛ ቤት የሚያነሳ የለም። ስለዚያ ድንጋይ አፍ ከተከፈተ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ጋሼ ዝም ብሎ ደረደረ፤ ሽማግሌውም ዝም ብለው አዩ።

በየክረምቱ ጋሼ እየተኛ ያይ ነበር። በየክረምቱ ቀጥ ያለ ነበር። በሞተበት ነሐሴ መጀመሪያም አይቶ ገብቶ ለእናቴ፣ መሬቱ ቆሟል፣ ዘንድሮም አትስጊ ብሏታል። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው ቦዩን ሊጠርግ የወጣው።

ስለዚህ ለእናቴ ቅጹን ሳነብላት የመለሰችልኝን መገመት አያስቸግርም። የእኛን ቤት ወደ መጨረሻው ነበር ያቆየሁት። ባለሙያዋ ለሚነሱ ቤተሰቦች ከላይ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የቤት ቦታ እንደሚሰጥ፣ ማሳቸውን ግን እየወረዱ ማረስ እንደሚችሉ፣ ማንም በግድ እንደማይነሳ፣ የሚፈርመው የቤቱ ኃላፊ መሆኑን አስረድታኝ ነበር። የቤታችን ኃላፊ እናቴ ናት። ሁሉን ነገርኳት። ጥጧን እየፈተለች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የተናደው የቦዩ ዳር ብቻ ነው» አለች። «ዳር ይናዳል። መሬቱ ቆሟል ብሎኛል።»

ያየሁትን ከማዶ ሆኜ ነገርኳት፤ ስለ ቁራሹ፣ ስለ ግማሽ ጨረቃው። አዳመጠች።

«እሱ በዓይኑ አይቶ ነው የነገረኝ። የመጨረሻ ቃሉ ነው። አንተ በወረቀት ልጄን ውሸታም ልታደርግብኝ ነው?»

እናቴ ግትር ሆና አይደለም። ከልጇ የቀራት ያ ቃል ነበር። ከቤቱ ብትወጣ ቃሉን ትታ የወጣች ይመስላታል። እኔ ደግሞ ክረምቱ ስድስት ሳምንት እንደቀረው እቆጥር ነበር። አንዱን ቀብሬያለሁ። እሷን በዚያ ቤት ውስጥ አስተኝቼ የሐምሌን ዝናብ መስማት እንዴት እችላለሁ?

ወጥቼ አለቱ ላይ ተኛሁ። ጉንጬን አስጠጋሁ። አንድ ድንጋይ ብቻ ታየኝ። ቀጥ ያለ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን በራችን ትዝ አለኝ። በራችን አልዘጋ ይል ነበር፤ ጋሼ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እንጨቱ አብጧል እያለ በመላጊያ ይልገው ነበር። አሁን ሚያዝያ አልቋል፤ እንጨቱ ደርቋል። በሩን ዘግቼ ከውስጥ ቆምኩ። ብርሃኑ በላይኛው ማዕዘን በኩል ሦስት ጣት ያህል ይገባል፤ ወደ ታች እየጠበበ መጥቶ መጨረሻው ላይ ይጠፋል። እንጨት ሲያብጥ እንዲህ አይሆንም። የተጣመመው በሩ አይደለም፤ ቤቱ ነው። የባሕር ዛፎቹንም አየሁ። ሁሉም ከሥራቸው ወደ ታች ዘመም ብለው ከዚያ ቀና ብለዋል። ምንጯ ዳር የተሠራው የድንጋይ ካብ መሐሉ ተከፍቷል። ሁሉም ነገር መሬቱ እየሄደ ነው ይላል። ድንጋዮቹ ብቻ ቆሟል ይላሉ።

ከተራራና ከወንድሜ ማንን እንደማምን ግራ ገብቶኝ ዋልኩ።

አሁን የቀረኝ አንድ ቤት የላይኛው ጎረቤታችን የሽማግሌው ቤት ነበር። አባባ ነው የምላቸው። ሆን ብዬ አቆይቼው ነበር። በር ላይ ባናቸውን ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አስቀመጡኝ፤ ጠላ ተቀዳልኝ። በረዶውን፣ መብረቁን፣ ውርጩን ጠየቅኋቸው። ሲመልሱ ስለ እኔ ጽሕፈት ይቀልዳሉ፤ «አንተ ተማሪው፣ እኔ ከምናገረው በላይ ነው የምትጽፈው፤ የሌለኝን በግ እንዳትጨምርብኝ» ይሉኛል። ከዚያ በቅጹ ላይ ስለ መሬት አጠቃቀም የሚል ጥያቄ ነበር፤ ከጎረቤት ጋር የወሰን ችግር አለ ወይ የሚል። ማንበብ ፈራሁ። አነበብኩት።

አባባ ቀና አሉ። ሲጠብቁት የነበረ ጥያቄ ይመስል ነበር።

«የለም ብለህ ጻፍ» አሉኝ። «ከአባትህ ጋር የሆነው ሆነ። ወንድምህ ግን ነፍሱን ይማርና አዋቂ ልጅ ነበር። ተናግሮ አላስቀየመኝም። ከአለት እስከ አለት ነጭ ድንጋይ ደረደረና ወሰኑን አበጀ። አየሁት፤ ፍርዱ ትክክል ነው። ተቀበልኩ። እኔም ጠበቅሁለት።»

ምን ማለትዎ ነው አልኳቸው።

«ክረምት በመጣ ቁጥር ድንጋዩ ወደ እናንተ ማሳ ይገባል። በሬ ይረግጠዋል፣ ጎርፍ ይገፋዋል መሰለኝ። መሐሉ እየጎበጠ ይወርዳል። ሰው ቢያየው ምን ይላል? አባት የሌላቸውን ልጆች መሬት እየገፋ ነው ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስም ይዤ ልሞት ነው? ስለዚህ ማንም ሳያየኝ እመልሰዋለሁ። ከአለቱ ሆኜ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አስተካክለዋለሁ። ቀጥ ነው። ሂድና እይ። አንድ ስንዝር የእናንተን አልወሰድኩም።»

እስክሪብቶዬን ያዝኩ እንጂ አልጻፍኩም። በዚህ አገር ድንጋይ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ቢገኝ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እጅን ነው። ማን ገፋው ይላል። መሬቱ ራሱ ሄዷል ብሎ የሚያስብ የለም። እኔም ብሆን አላስብም። አባባ ያደረጉት ከታማኝነት ነው። የሚጠቅማቸውን ትተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ወገባቸው ድንጋይ ተሸክመው ዳገት ወጥተው ለእኛ መልሰዋል።

ዝም ማለት እችል ነበር። አሰብኩበት። ግን እናቴ በዚያ ቤት ውስጥ ናት።

ስለ ችካሎቹ ነገርኳቸው። ጋሼ ድንጋዮቹን ለምን እንዳስቀመጠ፣ እንዴት ተኝቶ እንደሚያይ። ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። አባባ አላቋረጡኝም።

«ባለፈው ክረምት ብዙ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «በመጀመሪያው ዓመት ስንዝር ነበር። በሁለተኛው ክንድ። ባለፈው ሐምሌ ግን አንድ እርምጃ ሙሉ ወርዶ ነበር። ደክሞኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

ከዚያ «ሐምሌ» አሉ እንደገና፤ ለራሳቸው። ጋሼ ድንጋዮቹን ያየው በነሐሴ መጀመሪያ ነው።

ቅጹን አጥፌ ተነሳሁ። ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል እጃቸውን አልሰጡኝም። እጃቸውን እያዩ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ደጃፍ ላይ ገብስ ታበጥራለች፤ እኔ በሩን እልግ ነበር። አባባ በማሳው መሐል ሲመጡ አየን። ጎንበስ ብለው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ በማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ነጭ ድንጋይ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደዚህ ነው የሚመጣው፤ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ ይቆማል፣ አውርድ እስኪባል ድረስ። በሽምግልና ቦታ አይቻለሁ። እሳቸውን የሚያህል ሰው፣ ብቻውን፣ ሽማግሌ ሳያስቀድም ሲመጣ ግን አላየሁም። እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሳች። ምን እንደተፈጠረ አታውቅም ነበር፤ ማታውን አልነገርኳትም። አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።

«አባባ ምን ሆኑ፣ ኧረ ያውርዱ» አለች።

«አላወርድም እህቴ። ስሚኝና ከዚያ አውርድ በይኝ።»

ድንጋዩን እንደተሸከሙ ነገሯት። ስለ ስንዝሩ፣ ስለ ክንዱ፣ ስለ እርምጃው። ልጅሽ ያየው መሬቱን አይደለም፣ የእኔን እጅ ነው አሉ። «መሬቱ ቆሟል ያለሽ እኔ ስላቆምኩት ነው። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ።»

እናቴ አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች፤ ወደ ቦዩ ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ ወደ ተቆረሰው ቦታ። ድንጋዩ አባባን እየከበዳቸው ሄደ፤ ልይዛቸው ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ።

«እርምጃው የማን እርምጃ ነው?» አለች እናቴ።

አልገባቸውም።

«አንድ እርምጃ ወርዶ ነበር ብለዋል። ያሳዩኝ።»

አባባ ድንጋዩን እንደተሸከሙ አንድ እግራቸውን ወደፊት ሰነዘሩ፤ ቆሙ። እናቴ ጎንበስ ብላ ከኋለኛው ተረከዛቸው እስከ ፊተኛው በክንዷ ለካች። ሁለት ጊዜ ለካች። ከዚያ ቀና ብላ በሩን አየች፤ የላግሁትን፣ ጋሼም የላገውን። ያን ጠማማ ብርሃን።

«እንግዲያው ልጄ አልዋሸኝም» አለች። «አልተሳሳተም፤ ያየውን ነው የነገረኝ።»

ወደ አባባ ሄደች፤ በራሷ እጅ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሳችው። «ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔር ይፍታዎ።» ድንጋዩን መሬት ላይ አልጣለችውም፤ እቅፏ ውስጥ ያዘችው። ከዚያ ድንጋዩን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አባባም ከጎኗ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ መላጊያውን ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ጠዋት የምችለውን ያህል ነው የጻፍኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቅጹን አምጣ አለችኝ። ይነሳ በሚለው ቦታ ላይ ጣቷን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳት። እኔ ግን የፊተኛውንና የጀርባውን ገጽ እንዴት እንደምለያይ እስከ መጨረሻው አልገባኝም። ምንጯን የት ልጻፋት? አፈሩን የት ልጻፈው? በሁለቱም ጻፍኩ። ባለሙያዋ አይታ አልሰረዘችውም።

የጎጡ ሰው የድንጋዮቹን ነገር ከአባባ አፍ ሲሰማ ሌሎች ስድስት ቤቶች ፈረሙ። አራቱ አሁንም እያሰቡ ነው። ቤታችንን በደቦ አፈረስነው፤ ድንጋዩን ድንጋይ በድንጋይ በአህያና በትከሻ ወደ ላይ አወጣነው። ሜዳው ላይ ነፋሱ ክፉ ነው፤ ውሃ ለመቅዳት ወደ ምንጯ መውረድ አለብን፤ በኅዳር ውርጩ ምን እንደሚያደርገን ገና አላወቅንም። የመጨረሻ የተጫነው በሩ ነበር። አዲሱ መቃን ላይ ስንገጥመው ከላይ ሦስት ጣት አነሰ። ጋሼ የላገው ነው። እናቴ አዲስ በር አትሥሩብኝ አለች፤ ክፍተቱን በሱፍ ጠቅጥቃዋለች።

ድንጋዮቹን ከአባባ ጋር እንደገና ደረደርናቸው። ሲባጎውን እኔ ያዝኩ፤ እሳቸው አስቀመጡ። ከዚያ ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ መጣ። በዚህ ሳምንት፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠ ጠዋት፣ ሁለታችንም ወረድን። ጉም ከወንዙ እየተነሳ ነበር። ገብሱ አረንጓዴ ነው፤ ጤዛው ያበራል፤ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አለቱ ላይ ተኛሁ፤ ጉንጬን አስጠጋሁ፤ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀርባ ሁለተኛው አጮልቆ ነበር። ከሁለተኛው ጀርባ ሦስተኛው። ከዚያ ሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ታች የሚወርድ ነጭ ቅስት። ያ ሁሉ ገብስ፣ ያ ሁሉ ዛፍ፣ ምንጯ፣ የቤታችን መሠረት፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ አንድ አገዳ ሳይሰብር እየሄደ ነው። ትንፋሼን ይዤ አየሁት። ጋሼ ሊያየው ፈልጎ ያላየው ይህንን ነው።

ቀና ስል አባባ ከድንጋዮቹ አጠገብ ቆመው አየሁ። እሳቸውም አይተዋል። እጆቻቸውን ወደ ኋላቸው አጣምረው ነበር፤ አጥብቀው።